እንዳለ ይሁን ያለችው ልጅ

በዚህች አዲስ አበባ ሳይጠራ በር የሚያንኳኳ ሰው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ቆጣሪ የሚያነበው ነው፤ አንብቦ ይሄዳል። አንዱ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ነው፤ በልቶ ይሄዳል። ሦስተኛው ማኅበረሰብ የሚባል ነገር የሚማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። እሱ አይሄድም።

ታውቋቸዋላችሁ። ጀርባቸው ላይ ቦርሳ፣ አንገታቸው ላይ መታወቂያ፣ እጃቸው ላይ ቅጽ። «ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው እናቶች» ይላሉ። በጥቂት ደቂቃ የገባ ተማሪ ከአያትሽ ስም ተነስቶ ዛሬ ምሳ ምን እንደበላሽ ሳይደርስ አይወጣም። ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በቤታችሁ ውሳኔ የሚሰጠው ማነው? እቺን የመጨረሻዋን ስሰማ ሁሌ እስቃለሁ። ባሌ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ የሚሰጥ እየመሰለው ነው የሞተው።

ከሁሉም ግን የኛዋ ትለያለች። የተከበረች ወይዘሪት መርሃዊት፣ የቂርቆስ ጠቅላይ ጠያቂ፣ የአስራ አራት አባወራ ገበና መዝጋቢ! ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትቀመጥ ጉልበቷን የት እንደምታደርገው የሚጨንቃት ልጅ ናት። አራተኛ ዓመት ተማሪ። ቂርቆስ ቤተክርስቲያን ጀርባ ያለችው ግቢያችን መስከረም ላይ ገባች፤ በቃ፣ ቀረች።

«ምንድነው የምትማሪው የኔ ልጅ?» አልኳት የመጀመሪያው ቀን።

«የማኅበረሰብ ሥራና ማኅበራዊ ፍትሕ ነው፣ እማማ።»

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«ማለቴ… ሰው ችግሩን ራሱ ለይቶ፣ ተሰባስቦ፣ መብቱን የሚጠይቅበት መንገድ ነው።»

«ለዚህ ነው አራት ዓመት?» አለ ኑሪ። ኑሪ የግቢያችን መግቢያ ላይ ሱቅ አለው፤ ስኳር ሲመዝን እንኳ ሰው ይተርባል። «አራት ቀን እማማ ጀማነሽ ጋ ብትቀመጪ የሁላችንንም ችግር ከነስማችን ይነግሩሽ ነበር።»

ዋሸ ልበል? አልዋሸም። እንዲያውም አራት ቀን አልፈጀብኝም። ማን ከማን ጋር ለምን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ተመረቅኩ ብሎ የሰው ጋውን ለብሶ ፎቶ ብቻ እንደተነሳ፣ የቱ ባልና ሚስት በልጃቸው በኩል ብቻ እንደሚነጋገሩ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። እሷ እንዲህ ያለውን አትጽፍም። አንገቷን እየነቀነቀች ጨዋ ሆና ትሰማኛለች። ሽንት ቤት ያልኩ እንደሆነ ግን እስክሪብቶዋ ይነሳል።

«እሱን ትንሽ ያስረዱኝ እማማ። ከእርስዎ አንፃር እንዴት ያዩታል?»

ከኔ አንፃር! በስልሳ ምናምን ዓመቴ ስለ ሽንት ቤት ከኔ አንፃር የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።

እንግዲህ አንድ ጊዜ ልንገራችሁና ይውጣልኝ። አስራ አራት አባወራ በሁለት ጉድጓድ ነው የሚጠቀመው። የአንደኛው በር ወልቆ ወድቋል፤ የሁለተኛው በገመድ ነው የሚያዘው፤ ገመዱን ከውስጥ ሆነሽ በእጅሽ ትይዣለሽ። መሬቱ ያንሸራትታል። የጎረቤቴ የአምሳለ ጉልበት የተጎዳው እዚያ ወድቃ ነው። መርሃዊት ይሄን ሁሉ ጻፈች። ጠዋት ጠዋት ስልኳን ይዛ ሰልፉ አጠገብ ትቆምና ማን ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ ትመዘግባለች።

«ይቺ ልጅ ሌላ ሥራ የላትም?» ትለኛለች አምሳለ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። «ሰው እዚህ ተጨንቋል፣ እሷ ሰዓት ትይዛለች!»

አንድ ቅዳሜ ደግሞ ሰበሰበችን። ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፈችና ዛፍ ሳለች። የችግር ዛፍ ነው አለችን። ሥሩ መነሻው፣ ግንዱ ችግሩ፣ ቅርንጫፉ ደግሞ ችግሩ ያመጣው ጣጣ።

«ፍሬውንስ የሚበላው ማነው?» አለች አምሳለ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። መርሃዊት ግን አልሳቀችም። «ጥሩ ጥያቄ ነው እማማ አምሳለ» ብላ ጻፈችው። ወይ ልጅ! ከሷ ጋር መቀለድ ድንጋይ መኮርኮር ነው።

ለምን እንዲህ እንደምትለፋ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያደገችው ካዛንቺስ ነው። ቤታቸው ተነስቶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል። «እማማ፣ ሰፈራችን እያለ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ምን እንደሚጎድለው ቁጭ ብዬ አልጻፍኩም። አሁን እናቴን ስጠይቃት ግማሹን ረስታዋለች» አለችኝ። ከዚያ ነገሩን ነገረችኝ። ካምፓሳቸው ከክፍሏ አንድ ተማሪ ይመርጣል። የተመረጠው ሲመረቅ ባጠናው ሰፈር አንድ ዓመት በደሞዝ ይሠራል፤ ያጠናውን ችግርም ካምፓሱ ወጪውን ችሎ ያሠራለታል። ለሷ የኛ ሽንት ቤት ነው። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ እሷና ፍሬአብ የሚባል ልጅ።

«አስተማሪዎቼ ሐሙስ መጥተው ያያሉ» አለች። «የጻፍኩትን በዓይናቸው አይተው፣ ከናንተ ሰምተው ነው የሚወስኑት። እባክዎ እማማ፣ ምንም እንዳትቸገሩ። እንዳለ ይሁን።»

አሁን ፍረዱኝ። እንግዳ ሊመጣ ሲል «ምንም እንዳትቸገሩ» ያላለ ሰው ታውቃላችሁ? ይሄ የጨዋ ሰው አነጋገር ነው! እናቴ ቤት «አትቸገሩ» ከተባለ በግ ይታረዳል። እኔም በሆዴ፣ ይቺ ልጅ ተሳቅቃ ነው እንጂ አስተማሪዎቿ ፊት ልናኮራት ይገባል አልኩ። ያውም አንዱ ዶክተር ነው ብላኛለች! አምሳለ የወደቀች ጊዜ እንኳ ዶክተር ግቢያችን ገብቶ አያውቅም።

ረቡዕ ዘመቻ ወጣን። ግቢው ታጠበ። የልጆቹ ሽንት ጨርቅ ከገመድ ላይ ተነሳ። ሽንት ቤቱን ምን እናድርገው? ወደ እድራችን ዕቃ ጠባቂ ወደ አቶ ገብረመስቀል ሄድኩና ድንኳኑን ስጠኝ አልኩት።

ኮፍያውን አወለቀ። «ማን ሞተ?»

«ማንም። ዶክተር ሊመጣ ነው።»

ድንኳኑን ከላይ እስከ ታች ሽንት ቤቱ ላይ ዘረጋነው። ከፊቱ የእድሩን ወንበር ደረደርን፤ ኑሪ ለስላሳና ዳቦ አመጣ። ሁሉንም አሰልፌ የሚሉትን አስጠናሁ። «ገበናችንን እንግዳ ፊት የሚያወጣ ሰው ከኔ ጋር አይተዋወቅም!» አልኩ። እኔ ነኝ እንግዲህ ይህን ያልኩት! የሰፈሩን ጓዳ በየጆሮው ስዘራ የኖርኩት ሴትዮ!

ሐሙስ መጡ። ዶክተር መድሃኔ የሚባሉ፣ ለስላሳ ሰው፣ ከሌሎች ሁለት አስተማሪዎች ጋር። መርሃዊት ከኋላቸው ገባች። የታጠበውን ግቢ አየች፣ ወንበሮቹን አየች፣ ድንኳኑን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ደስታ ነው ብዬ!

«እንዴት ናችሁ እናቶች?» አሉ ዶክተሩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አልን ሃያ ሰው ባንድ አፍ። መዝሙር ይመስል ነበር።

«የጎደላችሁ ነገር አለ?»

«ምን ይጎድለናል?» አልኩ፣ በአዲሱ ቀሚሴ። «ፍቅር ነን። ቤታችን ጠባብ ነው እንጂ ሌላው ሙሉ ነው።»

«ሽንት ቤቱስ? ተማሪያችን ብዙ ጽፋለች።»

«ኧረ እሱ ደህና ነው! ልጅ ስለሆነች ስለምታዝንልን ነው።»

ዶክተሩ ወደ አምሳለ ዞሩ። «እርስዎ ወድቀው ነበር ተብሏል?»

አምሳለ አየችኝ። ዓይኔን አፈጠጥኩባት። «ጉልበቴ የእርጅና ነው» አለች።

ያኔ መርሃዊት ወደ ድንኳኑ ሄደች። ሸራውን በእጇ ያዘችው። አንድ ጊዜ ብትስበው በቃ፣ ሁሉ ነገር ይታያል፤ ገመዱም፣ የወለቀው በርም፣ ጉዱም። ዞራ አየችኝ። ምን እንዳየችብኝ አላውቅም። እኔ ግን አምላኬ፣ እንዳትስበው እያልኩ ነበር። ሸራውን ቀስ ብላ ለቀቀችው። ከዚያ መጥታ ለአስተማሪዎቿ ዳቦ አደለች።

ሲሄዱ አጨበጨብን። እንዴት ያለ መስተንግዶ ነው አልን። «አስመረቅናት!» አልኩ። ኑሪ ብቻ ባዶ ጠርሙሱን እየሰበሰበ «እማማ ጀማነሽ፣ ለበሽተኛ ሐኪም ጠርተን ጤነኛ ነኝ ያልን መሰለኝ» አለ። «ሂድ ወዲያ፣ ሟርተኛ!» አልኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የነገረኝም እሱ ነው። የተመረጠው ፍሬአብ ነው። የፍሬአብ ሰፈር ሰዎች አልቅሰዋል አሉ፤ ቀዳዳ ጣሪያቸውን እየጎተቱ አሳይተዋል። እኛ ነን ተኳኩለን የጠበቅነው። መርሃዊት ግን መጣች፣ ሰላም አለችን፣ የችግር ዛፏን ከግድግዳው ላይ በጥፍሯ ቀስ እያደረገች ላጠችው፣ ጠቅልላ ሄደች። ብትሰድበኝ እኮ ደህና ነበር። ስድብ እችላለሁ።

ሦስት ቀን ምግብ አልበላልሽ አለኝ። በአራተኛው ነጠላዬን ለብሼ፣ ታክሲ ተሳፍሬ፣ ከዘበኛው ተጣልቼ ካምፓሷ ገባሁ። ፊደል ስላልቆጠርኩ በየበሩ «የዶክተር መድሃኔ ቤት ነው?» እያልኩ አንኳኳሁ። ሳይጠሩኝ ማለት ነው። አገኘኋቸው።

«ዶክተር፣ ውሸታሟ እኔ ነኝ» አልኩ ገና ሳልቀመጥ። «በሩ በገመድ ነው። ሸራው የእድር ድንኳን ነው። አምሳለ የወደቀችው እዚያው ነው። አሁኑኑ ተነስተው ይዩ።»

ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ። «እናቴ፣ ድንኳን መሆኑን አውቀናል። ሽታውም ነግሮናል።»

«ታዲያ? አውቀህ ነው የከለከልካት አንተ ልጅ?» አንቱታው ጠፋኝ።

«እኛ የምንፈልገው ነዋሪው በራሱ አፍ ሲናገር ነው። ሕጉ ነው። ከጉብኝቱ በኋላ ለብቻዋ አስቀምጠን ጠየቅናት። ነዋሪዎቹ እንግዳ ፈርተው ዋሹ ብላ ብትጽፍልን ሌላ ቀን እንመለስ ነበር።»

«እና?»

«አልጽፍም አለች። ‹ዋሹ ተብሎ ስማቸው ወረቀት ላይ አይወጣም። እነሱ እኔን አክብረው ነው፤ ያላስረዳኋቸው እኔ ነኝ› አለች። በዚህ ተዘጋ።»

«ለሚቀጥለው ዓመትስ?»

«ሐምሌ ትመረቃለች እናቴ። ዕድሉ የተማሪ ነው።»

ወጣሁ። ከበሩ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ አይቼ የማላውቀው ወጣት ሁሉ እያለፈኝ፣ አለቀስኩ። ገበና ሲወራ የኖረው በኔ አፍ ነው። ገበና መግለጥ ተምሬያለሁ የምትለዋ ልጅ የኔን ደብቃ ዕድሏን ከፈለችበት። ለማንም አልነገርኩም። እኔ! እስቲ አምሳለን ጠይቋት፣ እስከ ዛሬ ካምፓስ መሄዴን አታውቅም።

መርሃዊት ተመረቀች። ሥራ አጣች። ባለፈው ወር ለአምሳለ የጉልበት ቅባት ልገዛ ደምበል ሄጄ፣ አንድ የሴት ልብስ መሸጫ ውስጥ ልብስ ስታጥፍ አገኘኋት። ያቺ ረጅም ልጅ፣ ጉልበቷን የምታደርግበት የጠፋት፣ ከባንኮኒ ኋላ ታጥፋ።

«እማማ!» ብላ ወጥታ አቀፈችኝ፣ ጉንጬን ሳመችኝ። ሱቁ ውስጥ ጸጉራቸውን የተሠሩ፣ ሽቷቸው ከፊታቸው የሚቀድም ሁለት ሴቶች ቀሚስ ይመርጣሉ። አለቃዋም ቆማለች።

«እንዴት ነዎት? ሰፈሩስ ደህና ነው?»

እግዚአብሔር ይመስገን አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት።

«ደህና አይደለም» አልኩ። ጮክ ብዬ። «የሽንት ቤቱ በር ዛሬም በገመድ ነው! አምሳለን ትናንት ሁለት ሰው ደግፎ ነው ያስገባት! እኔም ያን ገመድ ስይዝ እጄ ይኸው፣ ተልጧል!»

ሴቶቹ ቀሚሱን እንደያዙ ዞሩ። አለቃዋ አፏን ከፈተች።

«እማማ፣ ቀስ!» አለችኝ መርሃዊት፣ ቀልታ፣ ክንዴን ጨብጣ። «ሰው ይሰማል እኮ!»

«ይስማ!» አልኳት። «አስራ አራት አባወራ በሁለት ጉድጓድ ነው! ይቺ ልጅ የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው! ውሸቱ የኔ ነው!»

ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ። ዶክተሩ አልነበሩም፣ ካምፓሱ አልነበረም፣ የሰማኝ ቀሚስ ገዢ ነው። መርሃዊት መጀመሪያ ሳቋን በእጇ ልትይዘው ሞከረች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔም ያን ሐሙስ የደበቅኩትን ያህል ጮህኩ።