ጋሽ ቱፋ የጻፉት መልስ

ዕውቀቱን ለሰው ለማካፈል ቆርጦ የተነሳ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። አዳማ ውስጥ የጭነት መኪና በምናሰማራበት ቢሮ አብረውኝ የሚሠሩት ጋሽ ቱፋ ናቸው። ከእሳቸው በላይ መንገድ የሚያውቅ የለም። ቢሮው ሁላችንም የምናውቀውን የምንጽፍበት የጋራ ሲስተም ሲያስገባ፣ ወጣቶቹ እያዛጉ እሳቸው መነጽር ገዝተው ሥልጠናውን ከፊት ወንበር ተከታተሉ። ከዚያም ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ጣት ሲጽፉ ሰነበቱ። እንዲህ ያለ ቁርጠኝነት ከየት ይገኛል?

በቀደም እሳቸው ሁሩታ ለሠርግ ሄደው ስልካቸውን እንደዘጉ፣ ቲማቲም የጫነው መኪናችን መቂ ላይ ጭቃ ያዘው። ሾፌሩ ደውሎ «ሌላ መውጫ የለም ወይ?» አለኝ።

«ቆይ፣ ሲስተም አለን» አልኩት በኩራት። ከፈትኩት። «በክረምት ከመቂ እርሻዎች መውጫ መንገድ» የሚል ርዕስ አለ። ከሥሩ ጋሽ ቱፋ እንዲህ ብለዋል፦ «አውቀዋለሁ። ደውሉልኝ።»

ሲመለሱ «ጋሼ፣ ቲማቲሙ እኮ መኪናው ላይ ድልህ ሆነ» አልኳቸው።

ከልባቸው አዘኑ። ወዲያው መነጽራቸውን አድርገው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ።

«ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይፈጠርም» አሉና፣ ከመልሳቸው ሥር የሌላኛውን ስልካቸውን ቁጥር ጨመሩበት።