የጌታነሽ ጠጅ ደረጃ ሲወጣለት

ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ከተማ፣ ስሙ ከበሩ የሚረዝም አንድ ጽሕፈት ቤት አለ። መሥሪያ ቤቱ ለሀገር ሀብት ያለው ተቆርቋሪነት በቀላሉ ተነግሮ አያልቅም። ወይዘሮ ጌታነሽ ከባለቤቷ ከዳኜ ጋር ጠጅ መጣል በጀመረች በሃያ ስድስተኛው ዓመት፣ ጥልቅ ጥናት አካሂዶ ደረሰባት። ቤቷ ከጽሕፈት ቤቱ አጥር ጀርባ ነው።

ኃላፊው አቶ ወዳጆ ኮሚቴያቸውን አስከትለው መጡና ጓዳዋ ውስጥ ንግግር አደረጉ።

«ከዛሬ ጀምሮ ይህ ጠጅ የሁላችንም ነው! በሚቀጥለው ሳምንት ከበላይ አካል እንግዶች ይጎበኙታል። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው!»

ወዲያው የጋኑ አፍ በወረቀት ታሸገና ማኅተም ተመታበት።

«ኧረ አቶ ወዳጆ፣ ጌሾው ገና ውስጡ ነው» አለች ጌታነሽ ደንግጣ። «በጊዜው ካላወጣሁት ጠጁ ይመራል።»

«ከተመዘገበ ንብረት ላይ የሚወጣ ነገር የለም።»

«ጌሾው እኮ ነው!»

«ጌሾውም ተመዝግቧል።»

እንግዶቹ መጀመሪያ ስብሰባ ገጠማቸው፤ ቀጥሎ ሥልጠና፤ ቀጥሎ ስብሰባውን የሚገመግም ስብሰባ። ሦስት ወር አለፈ። ጌታነሽ ጋኑን ባየች ቁጥር የምታስበው ስሟን ነው። ሠርግ ያለው ሰው በሯን የሚያንኳኳው እጇን አምኖ ነው፤ ያ ስም ከጠፋ እሷና ዳኜ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

«ማኅተሙን ቀድጄ ልገላግልሽ» አላት ዳኜ።

«ከዚያ ስንቅ ላመላልስልህ?» ብላ ከለከለችው።

በመጨረሻ እንግዶቹ መጡ። ድንኳን ተተከለ፣ አራት ንግግር ተደረገ፣ ጋኑ ተከፈተ። ዋናው እንግዳ ከብርሌው አንድ ጊዜ ጎንጨት ሲሉ ፊታቸው ተጨማደደ። ሕዝቡ አፍ አፋቸውን ያያል። እንደ ምንም ዋጡት።

«ጥልቀት አለው» አሉ።

ኮሚቴው በሙሉ ቀምሶ በሙሉ ድምፅ ጥልቀት አገኘበት። የጽሕፈት ቤቱ የደረጃ ባለሙያ ሁሉንም ጻፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለጌታነሽ ደብዳቤ ደረሳት፦ «ጠጁ ጌሾው ሳይወጣለት ሦስት ወር እንዲቆይ፣ ከዚህ ደረጃ በታች የሆነ እንዳይሸጥ» ይላል።

ደንበኞቿ ከዚህ ባለደረጃ ጠጅ አንድ አንድ ብርሌ ቀምሰው ጠጅ ፍለጋ ዘመሮ ድረስ መሄድ ጀመሩ። ቢቸግራት በወጉ ጠጅ ጣለችና፣ ጌሾውን በቀኑ አውጥታ ደረጃው እንዲሻሻል ባለሙያውን ጠርታ አስቀመሰችው። ሁለት ብርሌ ጨረሰ።

«ይጣፍጣል» አለ አዝኖ። «ጉድለቱም እሱ ነው።»

አቶ ወዳጆ ይደፋ ብለው ፈረሙ፤ ያ ሁሉ ጠጅ ደጅ ተደፋ። ጌታነሽ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ጥር ሲገባ አቶ ወዳጆ ያለ ኮሚቴ፣ በጓሮ በር መጡ።

«ልጄን ልድር ነው፤ አንድ ጋን ጠጅ ፈልጌ ነበር።»

ጌታነሽ ሦስት ወር የሞላውን ጋን አሳየቻቸው። እሳቸው ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይሄን እንኳ ተይው። ሰው የሚጠጣውን ማለቴ ነው።»

«እንግዶቹ እነማን ናቸው?»

«የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች በሙሉ፣ ባለሙያውም ጭምር።»

«እንዲያማ ከሆነ ከደረጃ በታች ማቅረብ ነውር ነው» አለችና፣ ያንኑ ጋን እንዲያወጣላቸው ዳኜን ጠራችው።