ሠርጌን ያገተው ሦስተኛ ፎቅ

በእኛ አገር ሰው ሥራ የሚፈታው ሥራ ጠፍቶ አይደለም፤ ሰላምታ በዝቶ ነው!

አታምኑኝም? እኔን እዩኝ። የሆሳዕናው ልጅ የሺንሺቾዋን ልጅ መሠረትን ወደድኩ፤ እሷም ለቤተሰቧ ልታስተዋውቀኝ ወሰደችኝ። አባቷ ጋሽ ዴታሞ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ያ ቀለሙን እያሽከረከሩ የሚያስተካክሉት ኪዩብ ተቀምጧል። ሁለቱ የታች ፎቆች ተስተካክለዋል፤ ሦስተኛው ግን ዝብርቅርቁ ወጥቷል።

"ይኼ የላይኛው እምቢ አለኝ" አሉ።

"ይኼማ ቀላል ነው ጋሼ!"

ወይ እኔ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም…

"ጉረኛ አልወድም። ስትመለስ ጨርሰህ አሳየኝ፤ ያኔ የሠርጉን ቀን እንቆርጣለን።"

በሉ እንግዲህ! እኔም ኪዩብ ገዝቼ ከስልኬ ላይ አቋራጭ ቀመሮቹን መሸምደድ ያዝኩ። ቀኙን ወደ ላይ፣ ጣሪያውን ወደ ግራ፣ ቀኙን ወደ ታች… ባጃጅ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ምሳ እየበላሁ ሁሉ! ጣቴ ከጭንቅላቴ ቀድሞ አወቀው። ችግሩ፣ ቀመሩን መሀል ላይ ካቋረጣችሁት የታቹም ፎቅ አብሮ ይፈርሳል።

ቀኑ ደረሰ። ሳሎኑ በዘመድ ተሞልቷል። የጋሽ ዴታሞን ኪዩብ ይዤ ጀመርኩ፤ ቀኙን ወደ ላይ… በሩ ተከፈተ፤ አጎቷ! ብድግ አልኩ፤ ግራ እጄን ከቀኝ ክንዴ ሥር አድርጌ ጨበጥኳቸው፤ "ደህና ነዎት? ቤተሰብ ደህና? ከብቱ ደህና?" ስቀመጥ የት እንደደረስኩ ጠፋኝ። ከታች ጀምሬ መልሼ ገነባሁ። ጣሪያው ላይ ስደርስ… አክስቷ! ቀጥሎ ጎረቤት! አማች ሊሆን የመጣ ሰው "አንዴ ይቆዩኝ" ይላል? መሠረት በዓይኗ ትለምነኛለች፤ እኔን ላብ አጥምቆኛል።

እንደምንም ገንብቼ አንድ ቀመር ብቻ ሲቀረኝ ጋሽ ዴታሞ ተነሡ። "ምግቡ ቀርቧል፤ እንጸልይ።"

ወገኖቼ… በጸሎት መሀል የሚጨብጥ የለም! የእሳቸው ጸሎት ደግሞ ዝናቡን፣ ወረዳውን፣ ተፈታኙን ተማሪ ሁሉ ያዳርሳል። ዓይኔን ጨፍኜ ጣቶቼን ለቀቅኳቸው።

"አሜን!" ሲባል ኪዩቡ ስድስቱም ፊቱ አምሮ እጄ ላይ ቁጭ ብሏል። በደስታ ልጮህ ስል የጋሽ ዴታሞ ፊት ጠቆረ።

"አንተ! በጸሎት መሀል ኪዩቡን ስታሽከረክር አይቼሃለሁ!"

በቃ፣ ሠርጌ እዚያው ተቀበረ አልኩ።

ባለቤታቸው ቀስ ብለው ዞር አሉ። "መምህር… ዓይንህን ገልጠህ ነው እንዴ ስትጸልይ የነበረው?"

ጋሽ ዴታሞ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኪዩቡን አዩ፤ ሚስታቸውን አዩ…

"እ… ሠርጉን ለመቼ ነበር ያላችሁኝ?"