ጉርሻ አይቆጠርም

ኮሌስትሮሌን በአመጋገብ ብቻ አወርዳለሁ ብሎ የማለ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚህ ጋምቤላ አንድ አውቃለሁ፤ የመሥሪያ ቤታችን ባልደረባ አቶ ግዛቸው ናቸው። አዲስ አበባ ሄደው የታዘዘላቸውን ክኒን መሳቢያ ውስጥ ጥለው፣ "መድኃኒት የሚያስፈልገው ራሱን መግዛት ላቃተው ሰው ነው" አሉን። እቤታቸው ቅቤ አይገባም። ምሳቸው የባሮ ዓሣ ቅቅልና ጎመን ነው።

ታዲያ ክልል ከሆንን ወዲህ ሹመት የማይሰጥበት፣ ለሹመቱም የማይደገስበት ሳምንት የለም። አቶ ግዛቸው ከአንዱም ድግስ አይቀሩም። በገዛ እጃቸው ግን አይበሉም፤ ማጉረስ ከሚወድ ሰው አጠገብ ፈልገው ይቀመጣሉ።

ባለፈው ድግስ አምስተኛውን የክትፎ ጉርሻ ሲውጡ ባልደረባችን ኦባንግ፣ "ጋሼ፣ አመጋገቡ እንዴት ነው?" አላቸው።

"እኔ መቼ በላሁ? አጎረሱኝ እንጂ። ጉርሻ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው።"

ሁላችንም ሳቅን። አብረዋቸው የመጡት ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ ግን አልሳቁም፤ ባልየው በዚያው ሰሞን የቢሮውን ደረጃ ሲወጡ ደረታቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። እንጀራ ቆረሱ፤ ጎመን ጠቀለሉ፤ ከቦርሳቸው ክኒኑን አውጥተው እያየነው ከላይ አስቀመጡት።

"በሞቴ፣ ግዛቸው።"

"ይሄማ ክኒን ነው።"

"ጉርሻ ነው። እምቢ ማለት ነውር ነው ብለሃል።"

አቶ ግዛቸው ዞር ዞር ብለው አዩን። የሚያግዛቸው ሲያጡ አፋቸውን ከፈቱ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ወይዘሮ ጥሩነሽ በየቀኑ ያጎርሷቸዋል። እሳቸው ዛሬም መድኃኒት አልወስድም ብለው ይምላሉ። እኔም እመሰክርላቸዋለሁ፤ በገዛ እጃቸው ወስደው አያውቁም።