የቀረው መሥራቱ ብቻ ነው

እንዲህ ያለ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም የሚል ካለ እጁን ያውጣ። የለም። በየቤተሰቡ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሰልፉ አንዳንድ ተመድበዋል። ሐሳብ አላቸው፤ ሐሳባቸውም ትልቅ ነው፤ የሚጎድላቸው ነገር ቢኖር ሰው፣ ገንዘብ፣ ቦታና ጊዜ ብቻ ነው። ሲያገኙህ ክንድህን ለቀም አድርገው ወደ ጥግ ይወስዱሃል፤ ግራ ቀኝ ገልመጥ ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያለቀ ነገር ነው፤ የቀረው መሥራቱ ብቻ ነው» ይሉሃል።

የዚህን ታሪክ ሠዓሊ ያጋጠማት ግን የነዚህ ሁሉ ቁንጮ ነበር። ስሙን እንተወው። አብረውት የሠሩት ሁሉ «ክቡርነታቸው» ነበር የሚሉት፤ እኛም አክብረን እንቀጥላለን። ክቡርነታቸው ያኔ ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው፣ የሸሚዛቸው ክርን የሳሳ፣ የላፕቶፓቸው ክዳን በፕላስተር የታሰረ ሰው ነበሩ። የቪዲዮ ጌም ሊሠሩ ተነሥተዋል። የማንም ኩባንያ ጥገኛ ሳይሆኑ፣ በራሳቸው።

ትውውቃቸው ማተሚያ ቤት ነው። ሠዓሊዋ እዚያ በሠርግ መጥሪያ ካርድ ጠርዝ ላይ ጽጌረዳ ትስል ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ጽጌረዳ። ክቡርነታቸው ቢዝነስ ካርድ ሊያሳትሙ መጡ። ካርዱ ላይ «መሥራችና ዋና ዳይሬክተር» ይላል። የምን መሥራች እንደሆኑ ገና ስላልተወሰነ ከሥር ያለው መስመር ክፍት ተትቷል። ረቂቁን ሲጠብቁ በሠዓሊዋ ትከሻ ላይ አዘንብለው ጽጌረዳዋን አዩና ዝም አሉ፤ ዝም ማለት ደግሞ አመላቸው አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ሠዓሊዋ የታተመውን ልታሽግ ስትል ግማሹ በሷ ስም የወጣ ሆኖ አገኘችው። «የሥነ ጥበብ ዳይሬክተር» ይላል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለቻቸው።

«ካርድሽ ነዋ።»

«እኔ መቼ ተስማማሁ?»

«ያንቺ ጉዳይ እኮ ያለቀ ነው። የቀረው መስማማቱ ብቻ ነው።»

መቆጣት ነበረባት። ሳቀች። የሳቀች ዕለት ነው ጉዷ የፈላው።

የጨዋታው ስም «ተውሶ» ነው። ተጫዋቹ በአንድ አሮጌ ፎቅ ውስጥ ከቤት ቤት እየዞረ ከጎረቤቶቹ የተዋሳቸውን ዕቃዎች ይመልሳል፤ መሰላል፣ ድስት፣ መቀስ፣ ጃንጥላ። በር ያንኳኳል፣ ስላቆየ ይቅርታ ይጠይቃል፣ የቤቱን ወሬ ይሰማል፣ ይወጣል። በቃ። ሠዓሊዋ መጀመሪያ ስትሰማ «ይሄ ደግሞ ምኑ ጨዋታ ነው?» ብላ ነበር። ማታ ቤቷ ገብታ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለችውን ጃንጥላ አየች። እናቷ ከአንዲት ጎረቤት ተውሰዋት ሳይመልሱ ጎረቤቲቱ ሰፈር ቀየረች፤ የት እንደገባች ሳይታወቅ ቀረ። እናቷ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጃንጥላዋን ያዩና «ወይ እኔ» ይላሉ። ሠዓሊዋ የመጀመሪያውን በር የሳለችው ለዚያች ጃንጥላ ነው።

ፕሮግራመሩ የተገኘው ኢንሹራንስ ቤት ነው። ክቡርነታቸው ገና ላልተሠራው ጨዋታ ኢንሹራንስ ሊገቡለት ሄደው ነበር። የመስኮቷ ሠራተኛ «ንብረቱ የት ነው ያለው?» ብትላቸው ግንባራቸውን በጣታቸው አሳዩዋት። ከኋላ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ዝምተኛ ሰው ሳቁ አመለጠው። ክቡርነታቸው ዞር ብለው ካርድ ሰጡት። ሙዚቀኛው ደግሞ በየሠርጉ ኪቦርድ የሚጫወት ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ «መሐል ላይ መጥቶ ‹ጨምር! ጨምር!› የሚለኝ አለ?» የለም አሉት፤ ገባ።

ቢሯቸው ከጎማ ጠጋኝ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ከታች ኮምፕሬሰሩ ሲነሣ ወለሉ ይንዘፈዘፋል፣ እርሳስ ከጠረጴዛ ይወርዳል። ሙዚቀኛው የኮምፕሬሰሩን ድምፅ ቀድቶ የጨዋታው ነፋስ አደረገው። እዚያ ክፍል ውስጥ የተገዛ ነገር አልነበረም። ክቡርነታቸው መዋስ የማያፍሩ ሰው ናቸው፤ ጠረጴዛው ከጠጋኙ፣ መብራቱ ከአክስታቸው፣ መጋረጃው ከማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ወንበር ላይ ግን ባሰባቸው። ሠዓሊዋ የመጀመሪያ ቀን ስትመጣ የጠበቃት የገዛ ወንበሯ ነው፤ ማተሚያ ቤት ስድስት ዓመት የተቀመጠችበት፣ መደገፊያው ላይ ሰማያዊ ቀለም የፈሰሰበት፣ ሲቀመጡበት ሲጥ የሚል።

«ይሄን ደግሞ እንዴት አመጣኸው?»

«ተዋስኩት። ዳይሬክተር በለመደችው ወንበር ላይ ነው የምትሠራው።»

«ከጋሼ?» ጋሼ የምትላቸው የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ እስክሪብቶ ሲያውሱ ክዳኑን ይዘው የሚያስቀሩ ሰው።

«ትንሽ አንገራገሩ» አሉ ክቡርነታቸው።

የፕሮግራመሩም ወንበር እንዲሁ ከኢንሹራንስ ቤቱ መጣ፤ እግሩ ላይ የንብረት ቁጥር እንደተለጠፈበት። ክቡርነታቸው ራሳቸው በተደራረቡ ሁለት አሮጌ ጎማዎች ላይ ይቀመጡ ነበር። «ይሄ ሰውዬ ከሄደበት ባዶ እጁን አይመለስም» ተባባሉ ቡድኑ፤ ሳቁ፤ ወንበራቸውን ስበው ሥራ ጀመሩ።

ሠዓሊዋ ከእናቷ ጋር ነበር የምትኖረው፤ ቤቱ የቆመው በሷ ደመወዝ ነው። እናት ታዲያ ክቡርነታቸውን አስጠርተው ፊት ለፊታቸው አስቀመጧቸው።

«ልጄ ያጠራቀመችው ስምንት ወር ቢያቆየን ነው። ከዚያ በኋላስ?»

«እማማ፣ ድጋፍ የሚሰጡ ሰዎች አሉ። ያለቀ ነገር ነው፣ የቀረው...»

«እሱን ሰምቻለሁ። እኔ የምጠይቅህ ካልሆነ ነው።»

ክቡርነታቸው የሳሳውን የሸሚዛቸውን ክርን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ካልሆነ እኔ አለሁ» አሉ።

እናት ሸሚዛቸውን አዩ፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩ። «ይሄን አምነሽ ነው?» የሚል አስተያየት ነበር። ግን ስምንት ወሩን ፈቀዱ።

ገንዘብ ፍለጋው ራሱን የቻለ ጉድ ነው። መጀመሪያ የተሄደው የሙዚቀኛው አጎት ዘንድ ነበር፤ ሴራሚክ ይነግዳሉ።

«የጨዋታው ሰውዬ ሽጉጥ አለው?» አሉ አጎትየው።

«የለውም።»

«መኪናስ?»

«መሰላል አለው።»

«ሁሉን መልሶ ሲጨርስ ታዲያ ምን ይሸለማል?»

«ከጎረቤቶቹ ጋር ዓይን ለዓይን ይተያያል» አሉ ክቡርነታቸው፣ ደረታቸውን ነፍተው። አጎትየው ከልባቸው አዘኑላቸው፤ የሚያስታምማቸው ዘመድ እንዳላቸው ጠይቀው ሸኟቸው። ቀጥሎ አንድ ባለ ሆቴል፣ የጨዋታው ፎቅ የሆቴላቸውን ስም ከያዘ ገንዘቡን እንደሚሰጡ ተናገሩ። ቡድኑ ጮቤ ሊረግጥ ሲል ክቡርነታቸው ተነሥተው፣ «የኛ ፎቅ ደረጃው የተሰበረ ነው፤ እርስዎን ያሰድብዎታል» ብለው እምቢ አሉ። ሠዓሊዋ ያን ዕለት ልታንቃቸው ነበር። ወዲያውም ደግሞ ኮራችባቸው።

በሰባተኛው ወር ለአዳዲስ ጨዋታ ሠሪዎች ድጋፍ የሚሰጥ አንድ ተቋም «መጥታችሁ አሳዩን» አለ። ሁለት ሳምንት ቀርቷል። የሠዓሊዋ ቁጠባም ወደ ማለቁ ነው፤ ይሄ ካልሆነ ሌላ የለም።

ትልቁን ስሕተት ያኔ ሠሩ። የጨዋታው ፎቅ ገና ግማሹም አልተሠራም፤ ብዙ ቦታ ወለል የለውም። ፕሮግራመሩ ግን አንድ ነገር ልብ ብሏል። ክቡርነታቸው ሁልጊዜ የሚጫወቱት በአንድ መንገድ ነው፤ ወደ ግራ፣ ደረጃውን ወጣ፣ የጃንጥላዋን በር ማንኳኳት፣ ከዚያ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነፋሱን መስማት። በሰባት ወር አንድም ቀን ወደ ቀኝ ሄደው አያውቁም። ስለዚህ ፕሮግራመሩ እሳቸው የሚረግጡትን ወለል ብቻ አጠናከረ፤ ሠዓሊዋም እሳቸው የሚያዩትን ግድግዳ ብቻ ጨረሰች። ለክቡርነታቸው ግን አልነገሯቸውም፤ እልኸኛ ናቸውና ካወቁ ወደ ቀኝ መሄዳቸው አይቀርም ብለው ፈሩ።

ቀኑ ደረሰ። ክቡርነታቸው በሦስት ዳኞች ፊት ተጫወቱ፤ እንዴት እንዳማረ! ጃንጥላዋ ለባለቤቷ ስትመለስ አንዲት ባለ መነጽር ዳኛ ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች። ሠዓሊዋ ቦርሳዋን ጭምቅ አድርጋ ያዘች፤ ሊሆንላቸው ነው።

«እስቲ እኔ ልሞክረው» አለች ዳኛዋ።

ፕሮግራመሩ ዓይኑን ጨፈነ። ዳኛዋ ወደ ቀኝ ሄደች። ሦስት እርምጃ እንደሄደች ወለሉ አለቀና የጨዋታው ሰውዬ ከነመሰላሉ ቁልቁል ወረደ። ፎቁ ከበላዩ እያነሰ እያነሰ የክብሪት ሳጥን አከለ፣ ከዚያም ጠፋ። ሰውዬው ግን በግራጫው ባዶ ውስጥ መውደቁን ቀጠለ። የጎማ ጠጋኙ ነፋስ ብቻ ይሰማል።

«የት ነው የሚደርሰው?» አለች ዳኛዋ።

ክቡርነታቸው ዞረው ፕሮግራመሩን አዩ፣ ሠዓሊዋን አዩ። ገባቸው። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «እነሱ ጎበዞች ናቸው፤ ጊዜ ያልሰጠኋቸው እኔ ነኝ። የሠራነው እስከዚያ ድረስ ነው።» «ያለቀ ነገር ነው» አላሉም። ሠዓሊዋ ይህን ቃል ሳይሉ ሲቀሩ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። ትሕትና ያለው ደብዳቤ ነው፤ ሐሳቡን ወደውታል፣ ጨርሰው ቢመጡ ደግመው ያዩታል፣ ለጊዜው ግን አልሆነም።

እዚህ ላይ ማዕረጉን ትተን «እሱ» እንበለው፤ ወንበር ለተሸከመ ሰው ማዕረግ አይመቸውም። በማግስቱ ጠዋት ሠዓሊዋ ስትመጣ ወንበሯን ገልብጦ ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ደረጃው ላይ አገኘችው።

«ነይ» አላት።

«የት?»

«የተዋስነውን እንመልሳ።»

ማተሚያ ቤቱ በእግር ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ሠዓሊዋ መንገዱን ሙሉ ስታለቅስና ስትቆጣ ሄደች። «አሁን አንተን የሚያስጨንቅህ ወንበር ነው? እናቴን ምን ብዬ ላያት? እኔ ሥራ የለኝም፣ አንተ ወንበር ትመልሳለህ!» እሱ ወንበሩን አስተካክሎ መራመዱን ቀጠለ። ወንበር ጭንቅላት ላይ ሆኖ መከራከርም አይመች።

ጋሼ በሩ ላይ ነበሩ። ወንበሩን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ።

«መጣሽ? ግቢና ተቀመጪ፤ ካርዱ ተከምሯል።»

«በኔ ቦታ ሰው አልቀጠሩም?»

«ምን ላይ አስቀምጬ?» አሉ ጋሼ ተቆጥተው። «ይሄ ልጅ ወንበሯን ያውሱኝ ብሎ ሳምንት ሙሉ ደጅ ጠናኝ። ምን ያደርግልሃል ብለው፣ ‹ወንበሯ እኔ ጋ ከሆነ ሌላ ሰው የሚያስቀምጡበት አይኖርዎትም፤ ካልተሳካልን ከነወንበሯ አመጣታለሁ› አለኝ። ከዚያ በየወሩ ብቅ እያለ፣ ‹ጋሼ፣ ወንበሩ ደህና ነው› ይለኛል! ወንበር የለኝም እያልኩ ስንቱን አመልካች መለስኩ መሰለሽ!»

ሠዓሊዋ ዞር ስትል እሱ የለም። የፕሮግራመሩን ወንበር ለኢንሹራንስ ቤቱ ሊያደርስ ሄዷል። ያኔ ነው ሁለቱ አሮጌ ጎማዎች ትዝ ያሏት፤ ለራሱ የሚመለስበት ወንበር ከየትም አልተዋሰም ነበር። እንባዋ እንደገና መጣ፤ ይሄኛው ግን የንዴት አልነበረም።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ሠዓሊዋ ዛሬ የማተሚያ ቤቱ የሥዕል ክፍል ኃላፊ ናት። አልፎ አልፎ በሠርግ ካርድ ላይ፣ በጽጌረዳዎቹ መሐል፣ የጥፍር ታህል በር ትስላለች፤ እስካሁን ያየባት ደንበኛ የለም። ጎማ ጠጋኝ ደጅ ስታልፍ ኮምፕሬሰሩ እስኪነሣ ቆም ትላለች። ያ ክፍል ይናፍቃታል፤ ብርዱም፣ ሳቁም፣ ከጠረጴዛ የሚወርደው እርሳስም። ጋሼ አዲስ ወንበር ልግዛልሽ ባሏት ቁጥር አሻፈረኝ ብላለች።

ባለፈው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ክቡርነታቸው በሩን ከፍተው ገቡ። ጠጉራቸው ሸብቷል፤ ላፕቶፑ ሌላ ነው፣ ፕላስተሩ ያው ነው። ስለ እናቷ ጤና ጠየቁ፣ ስለ አየሩ አወሩ፣ ዓይናቸው ግን ወንበሩ ላይ ነበር።

«ወደ ቀኝ ያለውን ሠራሁት» አሉ በመጨረሻ። «ብቻዬን ነው፣ ለዚያ ነው የቆየሁት። አስቀያሚ ነው፤ ወለል ብቻ፤ በር የለ፣ ግድግዳ የለ። ግን አይወድቅም። ያቺ ዳኛ አሁንም እዚያው ናት። ‹ጨርሳችሁ ኑ› አላለችም?»

«ብላለች። ታዲያ?»

«ታዲያማ ያለቀ ነገር ነው፣ የቀረው...» ብለው ጀመሩና አፈሩ። «አንቺን አልጠይቅሽም። አንዴ አስቸግሬሻለሁ። ላሳይሽ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሠዓሊዋ ወለሉን አየች። እውነትም አስቀያሚ ነው። መጨረሻው ላይ አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ ልክ የበር ስፋት ያለው። ብድግ አለች፤ ወንበሩ ሲጥ አለ። መደገፊያውን ይዛ ወደሳቸው ገፋችው።

«ያዘዋ! ምን ትጠብቃለህ?»

ጋሼ ከወዲያኛው ክፍል ብቅ አሉ። «ደግሞ የት ሊሄድ ነው ያ ወንበር?»

«ተውሶ ነው፣ ጋሼ!»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ሁለቱንም አዩ፣ ወንበሩን አዩ፣ መነጽራቸውን ጠራርገው መልሰው አደረጉ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ወንበር ከሌለኝ ሰው መቅጠር አልችልም።»