የሰም ምስክር

የሞተ አይናገርም የሚል ሰው ፍርድ ቤት ደርሶ አያውቅም ማለት ነው። እኛ አገር ሰው ከሞተ በኋላ የሚናገረውን ያህል በሕይወቱ ተናግሮ አያውቅም። «ሊሞት ሲል ጠርቶ መሬቱን ላንተ ብሎኛል» የማይል ወንድም ጎንደር ውስጥ ካለ ንገሩኝና በጋዜጣ ላውጣው፤ ወሬ ማለት እሱ ነው።

ሥራዬ ወሬ መልቀም ነው። አመሌ ደግሞ ያረጁ የድምፅ ሣጥኖችን ለቅሞ መጠገን። ሸክላ የሚያጫውተውን አይደለም የምላችሁ፤ እሱማ በየመጠጥ ቤቱ አለ። የእኔ በሽታ ከሸክላ በፊት የነበረው፣ ብርጭቆ በሚያህል የሰም ቱቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጸው ነው። አንዱን ወይዘሮ ሙሉ ከትክል ድንጋይ በበቅሎ ጭነው አመጡልኝ። ከጠላት ወረራ በፊት አንድ ፈረንጅ ለአባታቸው ለባሻ ውቤ የሰጠው ነው። ባሻ ሲታመሙ ኑዛዜያቸውን በሰሙ ላይ ተናገሩ፤ አብረው የሰሙት ሽማግሌዎች ግን በጦርነቱ አለቁ። አሁን የባሻ ወንድም አያ ካሳ መሬቱ ለእኔ ነው ብለው ከሰዋል። ወይዘሮ ሙሉ ከዚህ ሣጥን በቀር ምስክር የላቸውም።

ሣጥኑ ጎተራ ውስጥ ሲከርም አይጥ ጎብኝቶታል። ቱቦውን የሚያሽከረክረውን ሞላ ጣሊያን ጥሎት ከሄደ የግድግዳ ሰዓት አውጥቼ ተካሁ። የሚገጥመው ጥሩምባ የተገኘው አራዳ ነው፤ አንድ ባለሱቅ ላምባ ወደ ጠርሙስ ያንቆረቁርበት ነበር። ላምባ ላምባ እየሸተተ ሣጥኑ ተናገረ፦ «እኔ ውቤ፣ ልቤ ሳይጠፋ፣ መሬቴን ለልጄ ለሙሉ ሰጥቻለሁ። ካሳ እንዳይደርስባት።» ቀጥሎ ሳል። ወይዘሮ ሙሉ ሳሉን ሲሰሙ «አባዬ!» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

ችሎት ቀረብን። ዳኛው መጀመሪያ ምስክሩ ይማል አሉ። በየትኛው እጁ? ግማሽ ቀን ከተከራከርን በኋላ ስለ ሣጥኑ እኔ ማልሁ። ሣጥኑ ቃሉን ሰጠ። አያ ካሳ ወንድሜ እንዲህ አይልም አሉ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ በዚያ ችሎት ግን ከባለቤቱ ያወቀ ከሳሽ ነው። ጠበቃቸው ተነሥቶ፣ ኑዛዜው ሲነገር ማን ማን ነበረ ብሎ ሣጥኑን ጠየቀው። ሣጥኑ ያንኑ ደገመ። ይኸው አለ ጠበቃው፤ እውነተኛ ምስክር ሲደግም አንድ ቃል እንኳ ይስታል፣ ይህ የተጠና ነው! ዳኛው ይደገም አሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮም ይደገም። ሰም በተሰማ ቁጥር ያልቃል ብዬ አስታወቅሁ።

«ምነው፣ ምስክር ሲጠየቅ ያልቃል እንዴ?» አሉኝ ዳኛው። ችሎቱ ሳቀ።

አለቀ። በመጨረሻው ቀጠሮ የተሰማው ተልባ ሲቆላ የሚንጣጣውን የመሰለ ነገር፣ ከዚያ ሳል ብቻ ነው። ምስክሩ ቃሉን ስላልደገመ መሬቱ ለአያ ካሳ ተፈረደ። ሰሙም በማስረጃነት እዚያው ቀረ። ወይዘሮ ሙሉ ባዶውን ሣጥን በቅሎው ላይ አልጫኑም፤ ለእኔ ተዉት። «ወንድሜ፣ ባትጠግነው ኖሮ አባዬ እስካሁን እዚያው ውስጥ ነበር» ብለውኝ ሄዱ። ሐሰት አልተናገሩም።

ሳምንት ሳይሞላ ዳኛው ቤቴ መጡ። በሩን ራሳቸው ዘጉ። ወንድሞቻቸው ሸጋ ሰዎች እንዳልሆኑ፣ የሰው ምስክርም በዚህ ዘመን እንደማይታመን አጫወቱኝ፤ ለካ ኑዛዜያቸውን ሣጥኑ ውስጥ እንዳስቀምጥላቸው ነው። ሰም የለኝም አልሁ። ከካባቸው ሥር የባሻ ውቤን ቱቦ አወጡ።

«ይኸ እንደሆነ የቀረው ሳል ነው፤ ፋቀውና የእኔን ቅረጽበት» አሉ።

በየቀጠሮው ይደገም ከተባለ የእርስዎም ያልቃል ብዬ አስታወስኋቸው።

«ግድ የለም» አሉ፤ «የእኔን ቃል የሚሰማ ዳኛ አንዴ ከሰማ ይበቃዋል።»