ከ«እ» ቀጥላ ያለችው ፊደል

[የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ክፍል። ጠባብ ናት፤ የአየር ማቀዝቀዣው ያለማቋረጥ ያጉረመርማል። የኮምፒውተር ባለሙያው ሊቁ፣ ቅጽል ስሙን ያወጣው ራሱ ነው፣ በሆዱ ተኝቶ ጭንቅላቱን ከሰርቨሩ መደርደሪያ ሥር ከቷል። የስቶር ኃላፊው ጋሽ ቁልፉ ወገባቸው ላይ የታሰረውን የቁልፍ መዓት እያንሿሹ በሩ ላይ ቆመዋል።]

ሊቁ፦ ወደቀ አልኩዎት እኮ ጋሼ! ሰርቨሩ ወደቀ!

ጋሽ ቁልፉ፦ የት ወደቀ? ይኸው ተገትሮ ቆሟል!

ሊቁ፦ ቆሞም ይወድቃል። የሙያ አነጋገር ነው።

ጋሽ ቁልፉ፦ ቆሞ ሲወድቅ ያየሁት የሚስቴን ወንድም ብቻ ነው። እሱም ሲጠጣ።

ሊቁ፦ ይተዉት። ኢሜይሉ በሙሉ ተበላሽቷል።

ጋሽ ቁልፉ፦ እንዲህ እየቀዘቀዘ እንዴት ይበላሻል? እኔን እንኳ ጉንፋን ያዘኝ!

ሊቁ፦ በሙቀት እንደሚበላሽ ወጥ አይደለም! ኢሜይሉ የሚቀመጥበት ዲስክ ሞቶ ነው።

ጋሽ ቁልፉ፦ [ኮፍያቸውን አውልቀው] ውይ! እንዲህ በድንገት?

ሊቁ፦ ምን ድንገት አለው፣ ሲያጣጥር ነው የከረመው። ጠጋ ብለው ይስሙት፤ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

ጋሽ ቁልፉ፦ እያጣጣረ ዝም ብለህ ታየዋለህ?

ሊቁ፦ መች ዝም አልኩ? ቀየርኩት፣ ሞተ። ደግሜ ቀየርኩት፣ ደግሞ ሞተ። ሲገባ ደህና ይመስላል፤ ትንሽ ሰንብቶ ኢሜይሉን ያበላሸዋል። [ወጥቶ ይቀመጣል፤ ጸጉሩ አቧራ ለብሷል] መብራቱ ነው ብዬ መብራቱን አስፈተሽኩ፣ አይደለም። አቧራው ነው ብዬ ጠረግኩ፣ አይደለም። አሁን ግን ደርሼበታለሁ። ንዝረት ነው!

ጋሽ ቁልፉ፦ የምን ንዝረት?

ሊቁ፦ የእርስዎ ቁልፎች።

ጋሽ ቁልፉ፦ [ቁልፎቹን በሁለት እጃቸው አፍነው] ነፍሰ ገዳዩ እኔ ነኝ በለኛ!

ሊቁ፦ ሳይንሱ የሚለው እንደዚያ ነው።

ጋሽ ቁልፉ፦ ቆይ፣ ሥራ አስኪያጁ እንኳ ኢሜይሉ ሲጠፋ እፎይ ነው ያለው። አንተ ምን ሆነህ ነው ምጥ የያዘህ ይመስል የምታቃስተው?

ሊቁ፦ [በሩን መለስ አድርጎ] ጋሼ፣ ምስጢር ይችላሉ?

ጋሽ ቁልፉ፦ ስቶር ሙሉ ዕቃ የያዝኩ ሰው አንድ ምስጢር ያቅተኛል?

ሊቁ፦ ለአንዲት ልጅ የልቤን ጽፌላት ነበር። በኢሜይል። እንጋባ ብዬ።

ጋሽ ቁልፉ፦ እሰይ! ምን አለች?

ሊቁ፦ «እ» አለች።

ጋሽ ቁልፉ፦ እ?

ሊቁ፦ «እ»! ቀጥሎ ያለውን ዲስኩ በላው። [ስክሪኑን አዙሮ] ይዩት፤ «እ»፣ ከዚያ ሳጥን። እሺ ትበል እምቢ ትበል በምን ልወቅ? ሁለቱም የሚጀምሩት በ«እ» ነው! እንቅልፍ አጣሁ ጋሼ፤ ምግብ አልወርድ አለኝ።

ጋሽ ቁልፉ፦ ሳጥኑን አትከፍተውም?

ሊቁ፦ የሚከፈት ሳጥን አይደለም!

ጋሽ ቁልፉ፦ ቁልፍ እንደሆነ ሞልቶኛል።

ሊቁ፦ ኧረ ጋሼ! ፊደል ሲበላሽ በቦታው የሚመጣ ምልክት ነው።

ጋሽ ቁልፉ፦ ታዲያ ልጅቷን አትጠይቃትም? ሩቅ ናት?

ሊቁ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ ግድግዳውን ያሳያል] ከዚህ ጀርባ ናት። ገንዘብ ያዧ።

ጋሽ ቁልፉ፦ የእህቴ ልጅ?!

ሊቁ፦ የ… የእህትዎ ልጅ ናት?

ጋሽ ቁልፉ፦ ሁልጊዜ ምሳ አብረን ስንበላ አታየንም?

ሊቁ፦ ሂሳብ የምትተሳሰቡ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ቁልፉ፦ ከአንድ ሳህን? ወይ ሊቅነት!

ሊቁ፦ በእናትዎ ጋሼ፣ ዲስክ ይስጡኝና መልሷን ከመጠባበቂያው ቅጂ ላውጣው። ከዚያ በኋላ ከፈለጉ ይግደሉኝ።

ጋሽ ቁልፉ፦ የትኛውን ዲስክ?

ሊቁ፦ እንደ ወትሮው ነዋ፣ የተቀየረውን!

ጋሽ ቁልፉ፦ [ከሥራ ልብሳቸው ኪስ አውጥተው] እንካ፤ «የተቀየረ» ይላል።

ሊቁ፦ [አገላብጦ ያየዋል] ይሄ… የኔ ጽሑፍ ነው።

ጋሽ ቁልፉ፦ ያንተ ነዋ። ከማሽኑ ስታወጣው «የተቀየረ» ብለህ ትጽፍበትና ትሰጠኛለህ። ተመልሰህ መጥተህ «የተቀየረውን ስጡኝ» ትላለህ። እሰጥሃለሁ።

ሊቁ፦ «የተቀየረ» ማለት እኮ ሞቶ የወጣው ማለት ነው!

ጋሽ ቁልፉ፦ ታዲያ ሬሳውን ስጡኝ እያልክ ለምን ታስቸግረኛለህ?

ሊቁ፦ በሱ ቦታ የሚገባውን ማለቴ ነበራ!

ጋሽ ቁልፉ፦ «አዲስ» የሚለውማ ከነላስቲኩ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ቀን ስሙን ጠርተኸው አታውቅም።

ሊቁ፦ [ጭንቅላቱን ይዞ] አንዱን ሬሳ ስቀብር፣ መልሼ ሳወጣ ከረምኩ!

ጋሽ ቁልፉ፦ ለነገሩ ንዝረቱም ይሆናል።

[ጋሽ ቁልፉ ሄደው አዲሱን ዲስክ ያመጣሉ። ሊቁ ይከተውና ኢሜይሉን ከመጠባበቂያው ቅጂ ይመልሳል። አረንጓዴ መብራት ይበራል።]

ሊቁ፦ መጣ! መጣ ጋሼ! ሳጥኑ ጠፋ! «እ»… ከዚያ… [ዓይኑን ያሻል] የጥያቄ ምልክት?

ጋሽ ቁልፉ፦ እሺ ነው እምቢ?

ሊቁ፦ አሁንም ተበላሽቷል! ወይኔ፣ ይሄም ዲስክ ሞተ!

ጋሽ ቁልፉ፦ አንተ ልጅ ዲስክ ፈጀህ! [ግድግዳውን በቁልፍ ይቆረቁራሉ] አንቺ ልጅ! ለዚህ ሊቅ ምን ብለሽ ነው የመለስሽለት?

ድምፅ ከግድግዳው ጀርባ፦ «እ?» ነዋ ያልኩት! የላከልኝ እኮ ከላይ እስከ ታች ሳጥን በሳጥን ነው፤ አንድ ፊደል የለውም። ሊቁ፣ ምን ልትለኝ ፈልገህ ነበር?

[ሊቁ ብድግ ይላል። ሸሚዙን ያራግፋል። አፉን ይከፍታል።]

ሊቁ፦ እ…

ድምፅ ከግድግዳው ጀርባ፦ እ?

ሊቁ፦ እ… እ…

ጋሽ ቁልፉ፦ ትንሽ ጠብቂው ልጄ፣ ወድቋል።

ድምፅ ከግድግዳው ጀርባ፦ ውይ በሞትኩት! የት ወደቀ?

ጋሽ ቁልፉ፦ የትም። ይኸው ተገትሮ ቆሟል!